ካራ የጻፈችው መጽሐፍ

ነሐሴ 1999 ዓ.ም. ነበር። በጃፓን አገር ኦሳካ በምትባል ከተማ የዓለም የሩጫ ውድድር ይካሄድ ነበር። ከአርሲ፣ ከበቆጂ አካባቢ የወጣችው ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር ተሰለፈች። ይህ ሩጫ ሜዳውን 25 ጊዜ መዞር ነው። ጥሩነሽ በመካከሉ ከሌላ ሯጭ ጋር ተጠላልፋ ወደ ኋላ ቀረች። ሆዷንም አመማት። ተስፋ ግን አልቆረጠችም። ሮጣ ደረሰችባቸው፤ አልፋቸውም ወርቁን ወሰደች።

ከጥሩነሽ 7 ሰከንድ ያህል ዘግይታ ሦስተኛ የገባችው ካራ ጋውቸር የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። በዓለም ውድድር፣ በዚህ ርቀት፣ ከአገሯ ሴቶች ሜዳሊያ ያገኘ ከእሷ በፊት አልነበረም። ካራ አለቀሰች፤ ሳቀች፤ ባንዲራ ለበሰች። ደስታዋን ዓለም ሁሉ አየ። በኋላ የደረሰባትን ጭንቀት ግን ብዙ ሰው አላየም።

ከዚያ 15 ዓመት አለፈ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ካራ መጽሐፍ አወጣች። ሜሪ ፒሎን የተባለች ጋዜጠኛ በመጻፉ አግዛታለች። የመጽሐፉ ስም ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ከሁሉ የረዘመው ሩጫ» እንደ ማለት ነው። ካራ በዚህ መጽሐፍ ስለ ሜዳሊያዋ ብቻ አልጻፈችም። እንጀራዋን በሚሰጣት ሥራ ውስጥ ምን በደል እንደደረሰባት ጻፈች። ለምን ለብዙ ዓመት ዝም እንዳለችም ጻፈች።

ሴት ልጁን ለሩጫ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሰው ቤት ሥራ የሚልክ ወላጅ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል። ስለዚህ ባጭሩ እንንገራችሁ።

ካራ ማን ናት?

ካራ የተወለደችው በኒው ዮርክ ከተማ በ1970 ዓ.ም. ነው። አባቷን በአራት ዓመቷ ገደማ አጣች። ሰክሮ መኪና የሚነዳ ሰው ገጭቶ ገደለው። እናቷ ሦስት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ዱሉት ወደምትባል ብርዳም ከተማ፣ ወደ ወላጆቿ አገር ተመለሰች። ካራን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሩጫ የወሰዳት አያቷ ነው።

ልጅቱ አደገች። በዩኒቨርሲቲ ውድድሮችም አንደኛ እየሆነች ወጣች። አዳም የሚባል ሯጭ አገባች። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ባልና ሚስቱ ኦሪገን በሚባለው ክፍለ አገር ወደሚገኝ አንድ የሯጮች ቡድን ገቡ። የቡድኑ ስም «የኦሪገን ፕሮጀክት» ነበር። ገንዘቡን የሚያወጣው ናይኪ የተባለው ትልቅ የጫማ ኩባንያ ነው። አሠልጣኙ አልቤርቶ ሳላዛር ነበር። ሳላዛር በወጣትነቱ የኒው ዮርክን ማራቶን ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ስመ ጥር ሯጭ ነው።

ካራ ሳላዛርን እንደ አባት ቆጠረችው። ያለ አባት ላደገች ልጅ ይህ አያስገርምም። በእሱ ሥልጠና ሥር ሆና በኦሳካ ሜዳሊያ አገኘች። በ2001 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ሦስተኛ ወጣች። በዚያው ዓመት በቦስተን ማራቶንም ሦስተኛ ሆነች። በቦስተን ሁለተኛ የወጣችው የእኛዋ ድሬ ቱኔ ነበረች። ካራ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሮጣ ከድሬ የዘገየችው 8 ሰከንድ ብቻ ነበር።

የሯጭ እንጀራ ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው ሯጭ የሚኖረው በሽልማት ገንዘብ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሽልማት አንድ ቀን ይገኛል፤ አንድ ቀን ይቀራል። የዋናው ሯጭ ቋሚ ገቢ የጫማና የልብስ ኩባንያ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ሯጩ የኩባንያውን ጫማና ልብስ ለብሶ ይሮጣል። ሰው ሲያየው ያን ጫማ ይገዛል። ኩባንያው የሚጠቀመው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው በውል ነው። በውሉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ኩባንያው የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ የሚቀነስበት ወይም የሚቋረጥበት ምክንያት ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ከኋላ ይቀመጣል። ሯጩ ቢታመም፣ እግሩ ቢሰበር፣ ለተወሰነ ጊዜ ባይወዳደር ገንዘቡ ሊቀነስ ይችላል። ሯጩ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ውለኛ ነው። ስለዚህ የደመወዝተኛ መብት ብዙውን ጊዜ አይደርሰውም።

ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ

አንድ ነገር በምሳሌ እንይ። መሬቱ የአንድ ሰው ነው እንበል። በሬውም የእሱ፣ ዘሩም የእሱ ይሁን። እህሉ ሲመረት ቁናውን ይዞ የሚሰፍረውም እሱ ይሁን። ክርክር ቢነሣ ዳኛው ራሱ እሱው ይሁን። ታዲያ አራሹ ቢበደል ለማን አቤት ይላል?

የካራም ነገር እንደዚሁ ነበር። መቼ እንደምትሮጥ የሚነግራት አሠልጣኙ ነው። ክብደቷን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ስለ እሷ ከኩባንያው ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ጡንቻዋ ሲደክም የሚያሻት እንኳን አንዳንድ ጊዜ እሱው ነበር። ማሸት የወጌሻ ሥራ ነው፤ የአሠልጣኝ ሥራ አይደለም።

ካራ በመጽሐፏ እንደጻፈችው፣ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ሳላዛር ሲያሻት እጁን ወደማይገባ የሰውነቷ ክፍል ሰደደ። እሷ ደነገጠች፤ ደርቃ ቀረች። ሳያውቅ ያደረገው ነው ብላም ራሷን ለማሳመን ሞከረች። «አባቴ» የምትለው ሰው ነውና ክፉ ልታስብበት አልፈለገችም። ብትናገር ማን ያምናታል? ብትናገር ሥራዋ ይቀራል። ባሏም በዚያው ቡድን ውስጥ ነው። የሁለቱም እንጀራ በአንድ ሰው እጅ ነበር።

ሳላዛር ይህን አድርጌ አላውቅም ብሎ ክዷል። ነገሩን መርምረው ውሳኔ የሰጡ ሰዎች ግን ማንን እንዳመኑ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ነፍሰ ጡር ስትሆን

በ2002 ዓ.ም. ካራ ፀነሰች። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ግን ያልጠበቀችውን ሰማች። እንደገና ተወዳድራ እስክትሮጥ ድረስ ኩባንያው ክፍያዋን ያቆማል ተባለች። ውሉ ይህን ይፈቅድ ነበር። ኩባንያው ሴት ሯጮችን በማስታወቂያው ያሞግስ ነበር። ሴት ሯጭ ስትወልድ ግን መውለዷ እንደ ሥራ መፍታት ተቆጠረባት።

ወንድ ልጇ በመስከረም 2003 ዓ.ም. ተወለደ። ካራ ክፍያዋ እንዲመለስ ስትል ከወለደች ከሦስት ወር በኋላ ለሚደረግ ሩጫ ተመዘገበች። በዚህ መካከል ሕፃኑ በጠና ታመመ፤ ሆስፒታል ገባ። አሁን እናቲቱ ምን ታድርግ? ከልጇ አልጋ አጠገብ ትቀመጥ ወይስ ወጥታ ትለማመድ? ወጥታ ተለማመደች። ይህ ሁኔታ ከዓመታት በኋላም ከልቧ እንዳልወጣ ተናግራለች።

በሚያዝያ 2003 ዓ.ም.፣ ከወለደች በሰባተኛው ወር፣ በቦስተን ማራቶን 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ አምስተኛ ወጣች። በዕድሜዋ ከሮጠቻቸው ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው። ስለዚህ የወለደች ሴት መሮጥ አትችልም የሚባለው ሐሰት ነው። እኛም ምስክር አለን። ደራርቱ ቱሉ ወልዳ ከተነሣች በኋላ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች። ጥሩነሽም ወልዳ ከተነሣች በኋላ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ነሐስ አግኝታለች። እናት ለመመለስ የሚያስፈልጋት ጊዜና የዕለት ጉርስ ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች ይላል። ይህን ማወቅ ለማንኛዋም ሠራተኛ ይበጃል።

ክኒኑና የልጅቱ አጥንት

ካራ ከወለደች በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ሳላዛር የእርግዝናውን ክብደት ቶሎ እንድትቀንስ ክኒን እንድትወስድ እንደገፋፋት ተናግራለች። ክኒኑ እንቅርት በሚወጣበት ቦታ ያለው ዕጢ ሲደክም ሐኪም የሚያዝዘው ዓይነት ነው። ይህን ክኒን ግን ለካራ ያዘዘላት ሐኪም አልነበረም። ካራ የራሷን ሐኪም ጠየቀች። እንዳትወስጂ ተባለች፤ አልወሰደችም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መድኃኒት ለታመመ መድኃኒት ነው፤ ላልታመመ ግን መርዝ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የሚያዝዘው ሐኪም ነው። አሠልጣኝ፣ ጎረቤት ወይም ነጋዴ አያዝዝም።

ክብደት ቀንሺ የሚለው ነገር የካራ ብቻ አልነበረም። ሜሪ ኬን የምትባል ልጅ ገና በ17 ዓመቷ ለአሜሪካ በዓለም ውድድር የሮጠች ፈጣን ልጅ ነበረች። እሷም በዚሁ ቡድን ገባች። በ2012 ዓ.ም. በአደባባይ እንደተናገረችው፣ ክሺ፣ ክሺ እየተባለች ለሦስት ዓመት የወር አበባዋ ቀረ። አምስት አጥንቶቿም ተሰበሩ።

ይህ እንዴት ይሆናል? በሬ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ገለባ ቢከለከል ምን ይሆናል? መጀመሪያ ሥጋው ይመነምናል፤ ከዚያ ይወድቃል። ሴትም እንደዚሁ ናት። ብዙ ሠርታ ጥቂት ከበላች ሰውነቷ ለማህፀን የሚያስፈልገውን መስጠት ያቆማል። የወር አበባ ይቀራል። አጥንትን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገርም አብሮ ይቀንሳል። አጥንቱ ይሳሳል፤ በልምምድ ብቻ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የምትሮጥ ልጅ የወር አበባዋ ለወራት ቢቀር የጥንካሬ ምልክት አይደለም። ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት።

ዝምታው እንዴት ተሰበረ?

ካራ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡድኑን ትታ ወጣች። በ2005 ዓ.ም. እሷና ባሏ በአሜሪካ አበረታች መድኃኒትን ወደሚቆጣጠረው ድርጅት ሄደው ያዩትን ተናገሩ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ካራ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ተናገረች። ብዙ ሰው ሰደባት። ውሸታም ናት፤ ቅናት ይዟት ነው ተባለች። እሷ ግን ቃሏን አላጠፈችም። ጉዳዩን በሚያዩት ዳኞች ፊት ቀርባም መሰከረች።

የሆነውን በቅደም ተከተል እንይ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ካራ፣ አሊሲያ ሞንታኞና አሊሰን ፊሊክስ የተባሉ ሯጮች ነፍሰ ጡር ስለሚበድለው ውል በጋዜጣ ተናገሩ። ብዙ ውሎች «ምስጢር ጠብቁ» የሚል አንቀጽ አለባቸውና ይህን መናገር ቀላል አልነበረም። ሦስት ወር አልቆየም። በነሐሴ ኩባንያው ውሉን አሻሻለ። ነፍሰ ጡር ሯጭ በ18 ወር ውስጥ ክፍያዋ እንዳይቀነስ ጻፈ።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሳላዛር የአበረታች መድኃኒትን ሕግ ጥሷል ተብሎ ለአራት ዓመት ከሥራው ታገደ። ቡድኑም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ሳላዛር ይግባኝ ጠየቀ፤ ይግባኙን ያየው የስፖርት ፍርድ ቤት እገዳውን አጸና።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ስፖርተኞችን ከጥቃት የሚጠብቀው የአሜሪካ ድርጅት ሳላዛርን ለዘለቄታው ከስፖርቱ አገደው። በጾታዊ ጥቃት ምክንያት ነው። እሱም ይግባኝ አለ። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውሳኔው ጸና። ይህ ከስፖርት ሥራ የሚያግድ ውሳኔ ነው እንጂ የእስራት ፍርድ አይደለም። ያን ጊዜ የከሳሺቱ ስም ለሕዝብ አልተገለጸም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ካራ በመጽሐፏ «ያች ሴት እኔ ነኝ» ብላ ራሷን ገለጸች።

አንድ ነገር እንጨምር። በኦሳካው ሩጫ ሁለተኛ ወጥታ የነበረችው በኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አቤይለገሰ ነበረች። ተቀምጦ የቆየው ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር አበረታች መድኃኒት ተገኘበት። ውጤቷ ተሰረዘ። ካራ በ2009 ዓ.ም. የብር ሜዳሊያዋን ተቀበለች። በሜዳው ላይ ልትቀበለው የሚገባትን አሥር ዓመት ጠበቀችው። እውነት ትዘገያለች፤ ግን ትደርሳለች።

ለእኛስ ምን ያስተምረናል?

የካራ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። ዛሬ ብዙ የገጠር ልጆች ሮጠው ለመኖር ከቤታቸው ይወጣሉ። ሌሎች ደግሞ ለሌላ ሥራ ይወጣሉ። አሠልጣኞችና አሠሪዎች ሁሉ ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ደጎች ናቸው። ደግ ሰው ግን ቢጠየቅ አይከፋም። ስለዚህ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ውል ሳይነበብ አይፈረም። ድሮ በጣት አሻራ የተፈረመ ውል ስንቱን አስለቀሰ! አሁን ፊደል ቆጥረናል። «ገንዘቡ ስንት ነው?» ብቻ አንበል። «መቼ ይቀነሳል? ብታመምስ? ብወልድስ?» እንበል። የውሉን አንድ ቅጂ ቤት እናስቀምጥ። ውሉ በማናውቀው ቋንቋ ከተጻፈ የሚያነብልንን ሰው ራሳችን እንምረጥ።

ሁለተኛ፣ የሚያሠለጥነው፣ የሚያክመው፣ የሚከፍለውና አቤቱታ የሚሰማው አንድ ሰው አይሁን። ልጅቱ ብትበደል የምትሄድበት ሌላ በር ይኑራት።

ሦስተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን አይዋጥ፤ መርፌም አይወጋ።

አራተኛ፣ ልጅቱ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ብትል «ዝም በዪ፣ ስማችን ይጠፋል» አንበላት። ካራ ለዓመታት ዝም ያለችው የሚያምናት ያጣች መስሏት ነው። ስም የሚጠፋው በበዳዩ ነው እንጂ በተበዳይዋ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

አምስተኛ፣ የሆነው ነገር ከነቀኑ ይጻፍ። ቃል ይረሳል፤ ጽሕፈት ይቀራል። ካራ በእግሯ ብዙ አገር ሮጣለች። በደሏን አደባባይ ያወጣው ግን እግሯ አይደለም። መናገሯና መጻፏ ነው።

የቃላት ትርጉም

ውል ማለት ሁለት ወገኖች በጽሑፍ ተስማምተው የሚፈርሙት ስምምነት ነው።
አንቀጽ ማለት በውል ወይም በሕግ ውስጥ አንድ ጉዳይ የሚናገር ክፍል ነው።
አበረታች መድኃኒት ማለት ሯጭን ከተፈጥሮ ጉልበቱ በላይ እንዲሮጥ የሚያደርግ፣ በስፖርት ሕግ የተከለከለ መድኃኒት ነው።
ናሙና ማለት ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ወይም ሽንት ነው።
ይግባኝ ማለት የተሰጠ ውሳኔ እንደገና በበላይ እንዲታይ መጠየቅ ነው።

ለመወያያ

1. ካራ ለብዙ ዓመት ዝም ያለችው ለምን ነበር?
2. ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን ጉዳት ይመጣል? ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ።
3. ሳታነቡት የፈረማችሁት ወረቀት አለ? ምን አስከተለ?
4. በቀበሌያችሁ የተበደለች ልጅ አቤት ብትል ወደ ማን ትሄዳለች?